የእድርተኞች ድንጋጤ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ገንዘባችሁን እዚህ አውሉት እያለ ማኅበራትን የሚያማክር ሰው የባለገንዘቦቹን ፍርሃት በገዛ ሰውነቱ ይሸከማል። ስንዱ የእድሮች ኅብረት አማካሪ ናትና የአክሲዮን ገበያው በወረደ ቁጥር የእድርተኛው ሁሉ ድንጋጤ እጇ ላይ ይወጣል። ዛሬም የልጇን የሰርግ ሹሩባ ገና ስትጀምር እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ጉንጉኑም ተፈታ።

«እማዬ፣ ሙሽራው መንገድ ላይ ነው እኮ!» አለች ፌቨን።

ይሄኔ የኅብረቱ ሊቀመንበር ጋሽ ወንድይራድ ደወሉ። «ስንዱ፣ አክሲዮኑን እንሽጠው እንዴ? ሰዉ እኔኑ ሊቀብረኝ ነው፤ ያውም ያለ ድንኳን!»

ሽጡ ብትል ፍርሃቱ ያበቃል፣ እጇም ወዲያው ያርፋል። ግን በወረደ ዋጋ የሸጠ እድር ነገ አባሉን የሚቀብርበት ያጣል።

«ሽጡ በያቸዋ!» አለች ፌቨን በመስታወቱ እያየቻት።

«አይሸጥም፣ ጋሼ። ታገሡ በሏቸው።»

«አንቺስ ድንጋጤያችንን ትችይዋለሽ?»

«እችለዋለሁ።»

ስልኩን ስትዘጋ እጇ ጭራሽ ባሰበት። ፌቨን ሚዶውን ከእናቷ ጣቶች ፈልቅቃ ወሰደችና ጎረቤታቸውን ተጣራች። ስንዱ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ወሽቃ፣ ልጇ በሌላ ሴት እጅ ስታምር እያየች ቁጭ አለች።