ፊቤ ከመርከቡ ወረደች

ፊቤ መንገድ ዳር ቆማ አንድ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች። ታክሲዎቹ ክላክስ እያደረጉ ያልፏታል። የመጨረሻው ሹፌር እንደውም ጣቱን በመስኮት አውጥቶ ሰላም አላት።

«ፍሬ፣ ምን ሆነው ነው?» ትላለች ስልኬ ውስጥ። «ባዶ ወንበር እኮ አላቸው!»

እኔ ጆበርግ ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ ነኝ፣ ስፓዛችን፣ ትንሿ ሱቃችን ውስጥ፣ ለዘራፊ ካጠርነው የብረት ፍርግርግ ጀርባ። ስልኬን የቺፕስ ካርቶን ላይ አስደግፌ በአንድ ዓይኔ ዳቦ እሸጣለሁ፣ በሌላው እህቴን ባርቤዶስን አስጎበኛለሁ። ሲሪየስሊ፣ ባርቤዶስ! ፊቤ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ ክፍል አጽጂ ናት። ስንት የካሪቢያን ደሴት ደርሳ እስከ ዛሬ አንዱንም በእግሯ አልረገጠችም፣ ትፈራለች። እንግዶቹን መርከቡ በአውቶቡስ ያስጎበኛቸዋል፣ ሠራተኛ ግን እንደፍጥርጥሩ ነው። እና እኔ፣ ማትሪክ ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩት፣ ሳምንቱን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ተጥጄ መንገዱን አጠናሁላት። ከወደቡ በእግር፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ዓሣ የሚጠበስበት መንደር።

ሄደች፣ በላች። የሚበር ዓሣ! ክንፉን አሳዪኝ ስላት ቆርጠው ነው የሚጠብሱት አለችኝ፣ ተናደድኩ። እስከዚያ ሁሉም ቆንጆ ነበር። መመለሻው ነው የከበደን። በአንድ ሰዓት መርከቡ ውስጥ ካልተገኘች ጥሏት ይሄዳል። ፓስፖርቷ እዚያ ተቆልፎበታል፣ ኪሷ ውስጥ ያለው የሠራተኛ ካርድ ብቻ ነው። በካርድ ደግሞ የትም አይኬድም።

«ዳቦዬስ?» ይላል አንድ ድምፅ። ደንበኛችን አሮጊቷ ጎጎ ኖምሳ ናት። በፍርግርጉ አጮልቃ ስልኬን ታያለች። «ሀይቦ! ያቺ ልጅ ጆበርግ መሃል ከተማ ልትሄድ ነው እንዴ?»

ውይ በሞትኩት! እኛ ሰፈር፣ ሎኬሽኑ ውስጥ፣ አንድ ጣት ወደ ላይ ከቀሰርሽ «ከተማ ነኝ» ማለት ነው፣ ታክሲው ይቆምልሻል። እዛ ማን ያውቀዋል? ሰላምታ መስሏቸዋል!

«ፊቤ፣ ጣትሽን አውርጂ! እጅሽን ዝም ብለሽ አወዛውዢ!»

«ማን ላይ ነው የምትጮሂው?» እማዬ የስኳር ከረጢት ታቅፋ ከጓዳ ወጣች።

አለቀልኝ። እማዬ በደወለች ቁጥር «ከመርከቡ እንዳትወርጂ» ነው የምትላት። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖራ የምታውቀው ሱቁን፣ ቸርቹንና እቃ የምናመጣበትን ታውን ብቻ ነው። ስልኩን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ መልሳ ስልኩን።

«ፊቤ? መንገድ ላይ? ብቻሽን? ስልክሽን እንዲህ አውጥተሽ? ደብቂው፣ ይመነትፉሻል!»

«እማ፣ ማንም ዞሮ አላየኝም እኮ።»

ትልቅ ነጭ አውቶቡስ አጠገቧ ያልፋል። «የኛ እንግዶች!» ትላለች ፊቤ። «ያቺን ሴትዮ ጠዋት አልጋዋን አንጥፌላት ነበር!» ሴትየዋ በመስታወቱ ውስጥ ስልኳን ደቅና መንገዱን ትቀርጻለች።

«አስቁሚው በያ!» ትላለች እማዬ።

«ለሠራተኛ አይቆምም።»

«በስንት ሰዓት ነው መርከቡ የሚዘጋው?»

«በአንድ» እላለሁ እኔ።

«በነሱ አንድ ወይስ በኛ በሐበሻ?»

ልመልስላት ስል በጣቴ ቆጠርኩ። እዚህ እየመሸ ነው፣ እዚያ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት። «በሁለቱም» አልኳት። ግድግዳችን ላይ ያለው የእማዬ የሐበሻ ሰዓት ልክ የባርቤዶስን ይቆጥራል! ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አሁን ግን አሥራ ሁለት አልፏል።

«ፍሬ፣ እንባዬ መጣ» ትላለች ፊቤ።

«ቆይ ቆይ፣ ካሜራውን ወደ ኋላሽ መልሺ። ምሰሶው ላይ ያለው ክብ ታፔላ ምን ይላል?»

«ከከተማ ውጪ።»

«ከከተማ ውጪ? እንኳን አልቆሙልሽ! ስትመጪ የወረድሽበት ላይ ነው የቆምሽው፣ ይዘውሽ ወዲያ ሊሄዱ! ተሻገሪ!»

ተሻገረች። እዚያኛው ታፔላ «ወደ ከተማ» ይላል። ከታፔላው ሥር አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች፣ ባለቤቷ ደጅ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

እማዬ ከረጢቱን መሬት ታስቀምጣለች። «ፊቤ፣ እስቲ ጠጋ በይ። ያ ሱቅ ፍርግርግ የለውም?»

«እማ፣ ታክሲ እየመጣ ነው።»

«በሩም ወለል ብሏል! ሲጋራውን የት ነው የምታስቀምጠው? እስቲ ወደ መደርደሪያው—»

«እማ!» ሁለታችንም ጮህን።

ታክሲው ቆመ። ጎጎ ኖምሳ ዳቦዋን ሳትይዝ ታጨበጭባለች። ከዚያ ስልኬ ላይ የሰው ጉልበት፣ የታክሲ ጣሪያ፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ፣ ከዚያ ኔትዎርኩ ጥፍት።

ለጎጎ ዳቦዋን ሰጠሁ። እማዬ የተደረደረውን ስኳር እንደገና ትደረድራለች። አንዳችንም የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለን አናይም።

ስልኬ ድምፅ ሲያሰማ ቀድማኝ አነሳችው። ፎቶ ነው፤ የመርከቡ ደረጃ፣ የፊቤ አሸዋ የለበሰ ጫማ፣ ከሥሩ «ገባሁ»።

«ጌታ ይመስገን» አለች እማዬ፣ ካርቶኑ ላይ ቁጭ እያለች። ቁጣውን ጠበቅኩ። ስልኩን ግን አልመለሰችልኝም።

«መርከቡ ነገስ የት ነው የሚቆመው?»

«ሴንት ሉሺያ።»

«አሳዪኝ።»

ካርታውን ከፍቼ እንዴት እንደሚጎላ አሳየኋት። ወደቡ መጣ፣ ገበያው መጣ፣ ከዚያ ተራራውን እየተጠማዘዘች የምትወጣ አንዲት ቀጭን መንገድ፣ ስም የሌላት። ውጪ ሰው ፍርግርጉን ያንኳኳል፣ እማዬ አልሰማችም።

«ይቺስ?» አለችኝ፣ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ። «ይቺ የት ታደርሳለች?»