ገራ ሚርጋ

አብሳሎም በቱቦው አየር አስገብቶ ሊሞክረው ሲሪንጁን ገፋ ሲያደርገው የፍጥነት መለኪያው ጠቋሚ መውጣቱን ትቶ ከዜሮ በታች ወረደ። መለኪያው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለና ጠቋሚው እዚያው ቀረ። ለሞተር አልባዋ አውሮፕላናቸው ያገኙት መለኪያ ይኸው አንድ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከደዶ ኮረብታ ልትነሳ ነበር።

ፈየራ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ወጣ። ከፊት የሚመጣውን ንፋስ የሚያስገባው ቱቦ በመለኪያው ግራ በኩል መሰካቱን አየ።

«ግራ አላልከኝም?» አለ አብሳሎም።

«ገራ ሚርጋ ነው ያልኩህ። ወደ ቀኝ ማለት ነው።» ፈየራ አቧራውን ከፊቱ ጠረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ደክሞኝ ኦሮምኛው አመለጠኝ እንጂ በአማርኛ ልነግርህ ይገባ ነበር።»

አብሳሎም ቱቦውን ቀስ ብሎ ነቀለው። ጅማ ለትምህርት ከመጣ አምስተኛ ዓመቱ ነው። አምስቱንም ዓመት አንድ ክፍል ሲኖሩ ፈየራ ለእሱ ብሎ በአማርኛ ሲያወራ፣ አብሳሎም ነገሬ ብሎት አያውቅም። አሁን ይቅርታ ሊለው ፈለገ። በአማርኛ እንዳይለው አፈረ፤ በኦሮምኛ ደግሞ ቃሉን አያውቀውም።