ስም ያለበት መዳብ

በገበያው ዝርዝር ገንዘብ በጠፋ ጊዜ ባለሱቁ አቶ ድንበሩ ስማቸውን ያስቀረጹበትን ትንንሽ መዳብ በመልስ ፋንታ ይሰጡ ጀመር። አንድ መዳብ ላመጣ ሰው አንድ ኩባያ ጨው ይሰፍሩለት ነበር። መዳቡ በየሰዉ እጅ ከበዛ በኋላ ግን፣ "ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም" ብለው አስለፈፉ።

ወተት ሻጯ የስድስት ወር ድካሟን የያዘችው በመዳብ ነበር።

"እሳቸው ከጣሉት እኔ አነሳዋለሁ" አለችና ወተቷን በመዳብ መሸጧን ቀጠለች። ሌሎቹም ሻጮች ተከተሏት።

አቶ ድንበሩ ተናደዱ። እንደ ወጉ ልብሳቸውን ከልብሷ ጋር አስቋጥረው ዳኛ ፊት አቆሟት።

"በመዳቤ ትነግዳለች! የሰበሰበችውን ሁሉ ትመልስልኝ!"

"መዳቡ የእርስዎ ነው እንዴ?" አለች።

"አንቺ ደፋር! ማንበብ ባትችዪ ሰው ጠይቂ፤ ስሜ አለበት እኮ!"

"እስቲ ይማሉ።"

"ንጉሥ ይሙት! አንድም ሳይቀር የኔ ነው!"

ወተት ሻጯ ወደ ዳኛው ዞረች።

"ጌታዬ፣ ቃላቸው ይያዝልኝ። መዳባቸውን እመልሳለሁ። እሳቸውም እንደ ውላቸው ጨዋቸውን ይስፈሩ።"

ዳኛው ጸሐፊውን "ጻፍ" አሉት።

ከኋላዋ የቆሙት የገበያ ሴቶች ከነጠላቸው ጫፍ መዳባቸውን መፍታት ጀመሩ።