በእርሳስ የተጻፈ ቀን

ኤሪን ውድስ በሚባለው የስደት ሰፈሬ፣ ከቤቴ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ፣ የሰው ቲቪና ማይክሮዌቭ እጠግናለሁ። የድሮ ዕቃ ሃያ ዓመት ይሠራ ነበር። የአሁኑ ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ፣ ካፓሲተሩ ከርካሹ ተመርጦ፣ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ መሞቻው ተቆርጦለታል። ስለዚህ ጠግኜ ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት፣ የሚሞትበትን ቀን ገምቼ ውስጡ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር፣ በግዕዝ ቁጥር። ለባለቤቱ አልናገርም። ከጻፍኩለት ቀን ያለፈ ዕቃ ግን እስካሁን አላየሁም።

ዛሬ፣ ሰኔ ፳፮ ጠዋት፣ ልጄ ሓርነት ከምትኖርበት ከኤርድሪ ከተማ መጥታ፣ የልብ ምቴን የሚያስተካክለውን ፔስሜከሬን ቼክ ለማስደረግ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደረቴ ውስጥ ከተቀበረ ሁለት ዓመቱ ነው። ነርሷ ኮምፒውተሩን አይታ ፈገግ አለች።

"ባትሪው ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል።"

"ሰማህ ባባ? ስምንት ዓመት! በቃ ሪላክስ አድርግ" አለች ሓርነት።

ነርሷ ኤክስሬዬን ስክሪኑ ላይ ከፈተችልን። ፔስሜከሩ ከጎድኔ በላይ ቁጭ ብሏል። ሆዱ ላይ ደብዘዝ ያለ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። የ፮ን እግር ወደ ግራ አጥፎ የሚጽፍ ከእኔ በቀር ሰው አላውቅም። የዚህኛውም ታጥፏል።

ሓርነት ፊደል አትችልም። ጠጋ ብላ አየችው።

"ባባ፣ ይሄ የእኛ ፊደል ነው አይደል? ምን ይላል?"

"የፋብሪካ ቁጥር ነው" አልኳት።

ሰኔ ፳፮ ይላል። የዘንድሮ።