የጠራ ፊት

ሰኔ ሃያ ሦስት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፍሬሕይወት ከመስታወቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስታወቱ ትመላለስ ነበር። እናቷ ታማ ሆስፒታል እስክትገባ ድረስ በብጉሯ ነገር ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት።

«ቅባቱን ተይው። ጣፋጭ አቁሚ፣ በጊዜ ተኚ። ፊትሽንም በጥፍርሽ አትነካኪ።»

«እማዬ ደግሞ! ብጉር በጾም ይለቃል እንዴ?»

እናቷ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ ግን ቅባቱን ጥላ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ፊቷ ጠራ። ዛሬ ሄዳ «አሸነፍሽኝ» ልትላት ነው፤ የጠያቂ ሰዓት እስኪደርስ መቀመጥ አቃታት።

በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

ያን የጠራ ፊት በአሥር ጥፍሯ ነጨችው።

ብጉሩ ተመልሶ አልወጣም። የጥፍሯ ጠባሳ ግን ዛሬም ጉንጮቿ ላይ አለ።