ደብዛዛዎቹ መብራቶች

ብቻዋን ከግቢ አስወጥቷት የማያውቀው ባሏ መብራት መሸጫ ሱቅ ይዟት ገባ። «ደስ ያለሽን ምረጪ፤ ማታ ማታ አትክልቱ ውስጥ ቁጭ ብለን እንጫወታለን» አላት። እሷም ከሁሉም ደብዘዝ ያሉትን መረጠች።

«እህቴ፣ እነዚህ እኮ መንገድ አያሳዩም» አለ ሻጩ።

«ጽጌረዳዎቹን ካሳዩኝ ይበቃኛል።»

መብራቶቹ በጽጌረዳዎቹ ዙሪያ ተተከሉ፤ ወደ ውጭው በር የሚወስደው መንገድ እንደጨለመ ቀረ። አመሻሹ ላይ ባሏ ሻወር ገባ። የውሃውን ድምፅ ስትሰማ ከጥዱ ዛፍ ሥር የደበቀችውን ሻንጣ አንስታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ በሩ ጋ ደረሰች። እጇን ወደ መቀርቀሪያው ስትሰድ ከአናቷ በላይ መብራት ቦግ አለና ዓይኗን አጥበረበረው።

«ይቺን እንኳ የመረጥኳት እኔ ነኝ» አለ ባሏ ከኋላዋ። «ሰው ሲጠጋት በራሷ ትበራለች።»

ቤት ውስጥ ውሃው አሁንም ይንሿሿ ነበር።