የአንዲት ትንፋሽ መዘግየት

ከተማው ድምፅን ሁሉ በኔትወርክ ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ፣ ሰው የሚሰማው ጆሮው ውስጥ በተተከለ መስሚያ ብቻ ነው። በኮዱ ስህተት የተነሳ ንግግር ሁሉ አንዲት ትንፋሽ ይዘገያል፤ አሮጌዎቹ መስሚያዎች ደግሞ ያለዚያች መዘግየት አይሠሩም። ፕሮግራመሯ ምንትዋብ ስህተቱን እንዳታርም የያዛት የአባቷ ጆሮ ነበር።

«እኔማ መስሚያዬን አስቀይሬዋለሁ» አሏት በቀደም አባቷ አቶ ደምረው። «ለኔ ብለሽ አገር አታስቸግሪ።»

አመነቻቸው፤ ዛሬ ጠዋት አረመችው። ምሳ ላይ የልጆቿ ቀልድና ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ገጠሙ። አቶ ደምረው ብቻ አልሳቁም።

ምንትዋብ ጉርሻዋን መለሰችው። «አባባ፣ መስሚያዎን የት ነው ያስቀየሩት?»

እሳቸውም እንደ ለመዱት አንዲት ትንፋሽ ጠበቁ። ከዚያ ከንፈሯን አይተው ፈገግ አሉ።

«ይጣፍጣል ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።»